ጎኑን የተወጋው ቁም ሳጥን

ትናንት ማታ አገር ቤት ካለ ጓደኛዬ ጋር በቪዲዮ እያወራን ክፍሌን ሳሳየው፣ ቁም ሳጥኑ ላይ ስደርስ "ቆይ፣ ቆይ፣ መልሰው እስቲ! ጎኑን ምን ሆኖ ነው?" አለኝ። ብሎን ነው አልኩት። ከውስጥ ገብቶ በውጭ የወጣ ብሎን። "እንዴ፣ እዚያ ዕቃው ተሠርቶ አይደል የሚሸጠው?" ሲለኝ ለማንም ያላወራሁትን ነገር ልጽፈው ወሰንኩ።

ተሠርቶ አይሸጥም። የሚሸጥላችሁ ካርቶን ነው። ውስጡ ሳንቃ፣ በላስቲክ የታሸገ ብሎን፣ አንድም ቃል የሌለበት የሥዕል መመሪያና ጣት የምታክል ብሩግላ፣ ማለትም ባለ ስድስት ጎን መፍቻ፣ አለ። ገጣሚዎቹ እናንተ ናችሁ። ሰው ላምጣ ካላችሁ የእጅ ዋጋው ያስደነግጣል።

ያኔ ከመጣሁ ስምንት ወሬ ነው። ብሩግላዋን ናቅኳትና ከሥራ ባልደረባዬ በባትሪ የሚሠራ ድሪል ተዋስኩ። ደክሞኛል፣ ቶሎ ጨርሼ ልተኛ ብዬ ረጅሙንና አጭሩን ብሎን እንኳን በቅጡ ሳልለይ ማሽኑን እስከ መጨረሻው ጨመቅኩት። ሁለቱ ደስ ሲል ገቡ። ሦስተኛው ላይ ነጩ ሽፋን አበጥ አለ፣ ተሰነጠቀ፣ የብሎኑ ጫፍ ብቅ አለ። ውስጡ ጣውላ አይደለም፤ ቺፕውድ ነው፣ በሙጫ የተጨመቀ የእንጨት ፍርፋሪ። አንዴ ከተቦረቦረ ብሎን አይዝም።

በሩ ተንኳኳ። ከታች የሚኖሩት ሴትዮ ናቸው። ያን ሁሉ ወር ደረጃ ላይ ስንተላለፍ ሰላምታ ተለዋውጠን አናውቅም፤ ለጩኸት ግን መጡ፣ እዚህ ሰው እንዲህ ነው። ሊቆጡኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ብሎኑን አዩት፣ እኔንም አዩኝ። ከዚያ ምንም ሳይሉ መሬት ላይ ተንበርክከው ብሩግላዋን አነሱና የቀረውን ጎን በእጃቸው ገጠሙት። እናቴን የሚያክሉ ሴት ተንበርክከው ሲሠሩልኝ ማሽን ይዤ ቆሜ ማየቴ ነው እስካሁን የሚቆጠቁጠኝ፤ የቁም ሳጥኑስ ይሁን።

እኛ ደግሞ መመሪያ ማየት አለማወቅ ይመስለናል። ለመምጣት የምታስቡ ልጆች፣ እባካችሁ ይህን አመል እዚያው ጣሉት። እዚህ የሚሠራላችሁ የለም።

ማሽን ካላችሁም አንገቱ ላይ ቁጥር ያለበት ቀለበት አለ። 1 ወይም 2 ላይ አድርጉት፤ ብሎኑ ሲጠብቅ "ጠጠጠ" ብሎ ማዞሩን ያቆማል። የእኔ የመሰርሰሪያ ሥዕሉ ላይ ነበር፣ እዚያ ላይ ደግሞ ማቆሚያ የለውም። እየደበደበ የሚያዞረውን አጭሩን ማሽን ቺፕውድ አጠገብ አታድርሱት። ጫፉንም እዩ፤ መስቀል ሁሉ አንድ አይደለም። በመስቀሉ መሃል ቀጫጭን መስመር ያለበት ብሎን ፒዜድ (PZ) የሚባለው ዓይነት ነው፣ በተራው መስቀል በፒኤች (PH) ጫፍ ካዞራችሁት ይንሸራተትና አናቱን ይበላዋል። የመጨረሻዎቹን ዙሮች በእጅ። ሳንቃና ሳንቃ የምትቆልፈዋን ክብ ብረትማ ጭራሽ ማሽን አይንካት፤ በካቻቢቴ ግማሽ ዙር ያህል ይበቃታል። ስትነቀል እንድትመለስ የተሠራች ናት፣ በየዓመቱ ቤት ለሚቀይር ስደተኛ ደግሞ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ከግድግዳ ጋር የሚያያዘውን ማሰሪያ አትተዉት። ሕፃን መሳቢያ ከፍቶ ሲንጠላጠል ዕቃው በላዩ ሊወድቅ ይችላል፣ ሕይወት የጠፋበት ነገር ነው። ድሪል በእርግጥ የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነው። የእኔን ባለፈው ሳምንት ነው ያሰርኩት። አከራዩን አስፈቀድኩ፣ ከዚያ ግድግዳውን ከመብሳቴ በፊት ወርጄ የሴትዮዋን በር አንኳኳሁ።