ትንሽ የፈጠነው ትራምፔት

ዛሬ ከሰው ጋር ማውራት አላሰኘኝም። የሆንኩት ነገር የለም። ማንም አላስቀየመኝም፣ ክፉ ወሬም አልሰማሁም። እንዲያው ዝም ዝም የሚያሰኝ ቀን ነው። እንዲህ ሲያደርገኝ የት እንደምገባ ታውቃላችሁ። ስልኬን ሌላ ክፍል ትቼ ከሲዲ መደርደሪያው ፊት ወለሉ ላይ ቁጭ እላለሁ። የምሰማውን ሳልወስን የዲስኮቹን ጀርባ በጣቴ እየዳሰስኩ እሄዳለሁ። ሳክስፎን ተጫዋቹን ኮልትሬንን አለፍኩና የጃዙ ትራምፔት ተጫዋች ማይልስ ዴቪስ ላይ ስደርስ ጣቴ ቆመ።

«ካይንድ ኦፍ ብሉ» የተባለው አልበሙ ሁለት አለኝ። አንዱ በሰማንያዎቹ የተሠራ ነው። ሌላው የ1997ቱ ዳግም እትም ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ዲስኮቹ ላይ ያለውም እሱ ነው።) ታናሼ ይህ ነገር ፈጽሞ አይዋጥለትም። «ያው ሙዚቃ አይደል እንዴ? ለምን ሁለቴ ይገዛል?» ይለኛል። ሁለቱንም አውጥቼ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። በአሮጌው ማቀፊያ መሃል ዲስኩን ቆንጥጠው የሚይዙት ትንንሽ ጥርሶች ተሰብረዋል። ከፍ ሲያደርጉት ዲስኩ ውስጡ ይንኳኳል። ቡክሌቱ ስስ ነው። የአዲሱ ወፈር ይላል፤ የስቱዲዮ ፎቶዎች አሉት፣ ማን በየትኛው ቀን ምን እንደተጫወተ ይናገራል።

ያው አይደለም። ጉዳዩ የወረቀት ጉዳይም አይደለም። ሙዚቃው ራሱ ያው አይደለም።

አልበሙ የተቀዳው በ1959፣ ኒውዮርክ፣ የሙዚቃ አሳታሚው ኮሎምቢያ በ30ኛው መንገድ ላይ በነበረው ስቱዲዮ ነው። ሁለት ቀን ብቻ ነው የፈጀው፤ ማርች 2 እና ኤፕሪል 22። በመጀመሪያው ቀን ዋናው የቴፕ ማሽን ከሚገባው በትንሹ ዘገም ብሎ ይዞር ነበር። ዘገም ብሎ የተቀዳ ቴፕ በትክክለኛው ፍጥነት ሲጫወት ይፈጥናል፣ ቃናውም ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ በሸክላው የመጀመሪያ ገጽ ላይ ያሉት ሦስቱም ሥራዎች ሰዎቹ ከተጫወቷቸው ትንሽ ፈጥነውና ቀጥነው ወጡ። አብሮ ለመጫወት የሞከረ ሰው መሣሪያው ከአልበሙ ጋር አልገጥም ይለዋል። ደግነቱ በዚያው ቀን ለመጠባበቂያ የሚቀዳ ሌላ ማሽን ነበር። እሱ ልክ ነበር። በ1992 ከመጠባበቂያው ቴፕ ተወስዶ ተስተካከለ፤ የ1997ቱም የተስተካከለው ነው።

33 ዓመት። ዓለም ሁሉ የወደደው፣ የተማረበት፣ የተጽናናበት «ሶ ዋት»፣ የአልበሙ የመጀመሪያ ሥራ፣ የማሽን ስህተት ነበረበት።

ማይልስ ያረፈው ደግሞ በ1991 ነው። እርማቱ የመጣው እሱ ካለፈ በኋላ ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ሆዴን ባር ባር ይለዋል።

እኔ ይህን ሙዚቃ የለመድኩት በአሮጌው ዲስክ ነው። ልክ የሆነውን ስሰማ ከበድ አለብኝ፤ ፖል ቻምበርስ ባሱን እየጎተተ መሰለኝ። ትክክለኛው ነገር ለጆሮዬ ትክክል አልሆነም። አሁን ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። የትኛውን እንደማወጣ የሚወስነው የቀኑ ስሜቴ ነው።

«ሶ ዋት» ላይ ሁሌ የምጠብቃት ቦታ አለች። መግቢያው ያልቅና ማይልስ ሶሎውን ሊጀምር ሲል ጂሚ ኮብ ሲምባሉን አንዴ ይመታዋል። ምቱ ከፍ ብሎ ይፈነዳል። ከዚያ ቀስ እያለ፣ በትራምፔቱ የመጀመሪያ ኖታዎች ስር እየሳሳ ይጠፋል። ያ መጥፋቱ ነው ሙዚቃው። ምቱን ሁሉም ማጫወቻ ያሰማል። መጥፋቱን ግን የሚያሰማው በጥንቃቄ የተሠራ ዲስክ ብቻ ነው።

ይህን የምለው አለምክንያት አይደለም። ከዘጠናዎቹ አጋማሽ ወዲህ ብዙ ዳግም እትሞች ሲሠሩ ድምፃቸው ከልክ በላይ ተጨቁኗል። ዝቅ ያለው ከፍ ይደረጋል፣ ከፍ ያለው ይቆረጣል፣ ሁሉም ነገር አንድ ልክ ይሆናል። መጀመሪያ ሲሰሙት ደስ ይላል፤ ጮክ ያለ ነገር ሁሌም መጀመሪያ ላይ የተሻለ ይመስላል። አልበሙ ግማሽ ላይ ሳይደርስ ግን ጆሮ ይደክማል። ሲዲ በ1982 ሲወጣ ትልቁ ጸጋው ዝምታን መያዝ መቻሉ ነበር። የሸክላ መንሿሿት የለ፣ የካሴት ሽሽታ የለ። ያንን ሁሉ ባዶ ቦታ ይዞ በጩኸት መሙላት ያሳዝነኛል፤ ያናድደኛልም።

እንግዲህ ዳግም እትም የሰው ውሳኔ ነው። አንድ ሰው ቴፑ ፊት ተቀምጦ «ይህ ይሁን፣ ይህ ይቅር» ይላል። ይህ ሐሳብ አንዴ ከገባብኝ አይለቀኝም።

ሮኩ ላይ ደግሞ ይብሳል። የሮክ ባንዱ ዚዚ ቶፕ በሰባዎቹ የሠሯቸው አልበሞች በ1987 በሲዲ ተጠቃለው ሲወጡ ድራሙን የሰማንያዎቹ ድራም አስመሰሉት። ያ ደረቅ፣ አቧራ አቧራ የሚል የብሉዝ ድምፅ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ የተመታ መሰለ። ለዓመታት ሲዲ የገዛ ሰው ሁሉ ያንን ነው የሰማው። ከአልበሞቹ አንዱ «ትሬስ ኦምብሬስ» በድሮው ሚክስ (የድምፆቹ ቅንብር ማለት ነው) ሲዲ ላይ የተመለሰው በ2006 ነው። የሮክ ዘፋኙ የኦዚ ኦዝቦርን የመጀመሪያ ሁለት አልበሞችማ በ2002 ሲታተሙ የቦብ ዴዝሊ ባስና የሊ ከርስሌክ ድራም ተነሥቶ በሌሎች ሰዎች እንደ አዲስ ተቀዳባቸው። ከሁለቱ ጋር የክፍያ ክርክር ነበር። የአልበሞቹ ጊታር ተጫዋች ራንዲ ሮድስ ግን በ1982 ሞቷል። ጊታሩ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር እንዲጫወት ተደረገ። በ2011 የድሮው ተመለሰ፤ እሰየው። የ2002ቱን አንድ ወዳጄ ሰጥቶኝ መደርደሪያዬ ላይ አለ። አልሰማውም። አልጥለውምም። ሰው ከገዛ ሥራው ላይ ሊጠፋ እንደሚችል ማስረጃ ነው።

አጥፊው ሌላ ሰው ሲሆን መፍረድ ቀላል ነው። የሚከብደኝ ባለቤቱ ራሱ ሲመጣ ነው። ኢጊ ፖፕ የሚዘፍንበትን የስቱጅስ ባንድ የ1973 አልበም «ሮው ፓወር»ን ሚክስ ካደረጉት ዋነኛው ዴቪድ ቦዊ ነበር፤ ብዙ ሰው ቀጭን ነው፣ ጉልበት የለውም ይለው ነበር። በ1997 ኢጊ ፖፕ ራሱ ተቀምጦ እንደገና ሚክስ አደረገው። ያ ዲስክ እስከዛሬ ከታተሙት እጅግ ጯሂ አልበሞች አንዱ ነው፤ ድምፁ እስኪሰነጣጠቅ ድረስ። በ2010 የቦዊው ተመልሶ ታተመ። ታዲያ የትኛው ነው «ሮው ፓወር»? የ1973ቱ ኢጊ ነው ወይስ የ1997ቱ ኢጊ ባለመብቱ? እኔ የቦዊውን ነው የምወደው። ግን ይህን ስል ለኢጊ ፖፕ ስለ ገዛ ዘፈኑ እየነገርኩት ነው፤ ይህም ልክ አይመስለኝም።

ሩዲ ቫን ጌልደር ላይ ግን ልቤ ያርፋል። የጃዝ አሳታሚውን የብሉ ኖትን አልበሞች እየቀዳ ያን ድምፅ ያወረሳቸው ሰውዬ ማለት ነው። መጀመሪያ ሃከንሳክ፣ የወላጆቹ ሳሎን ውስጥ ነበር የሚቀዳው። በ1959 ኢንግልዉድ ክሊፍስ ላይ የራሱን ስቱዲዮ ከፈተ። እስከዚያ ድረስ ቀን ቀን የሰው ዓይን ይመረምርና መነጽር ያዝ ነበር፤ ሥራው እሱ ነበር። ሰባውን ካለፈ በኋላ ወጣት ሳለ የቀዳቸውን ቴፖች እንደገና ተቀብሎ፣ አንድ በአንድ፣ በራሱ እጅ ለሲዲ አዘጋጃቸው። ከእነዚያ ዲስኮች ጋር አጭር ማስታወሻ አለች። ቀረጻዎቹን እንደሚያስታውስ፣ ሙዚቀኞቹ እንዴት መሰማት ይፈልጉ እንደነበር እንደሚያውቅ ይጽፍና የእነሱ መልእክተኛ ነኝ ይላል። ሰብሳቢዎች እነዚህ ዲስኮች ላይ ይከራከራሉ። ጮኸዋል የሚል አለ፣ የግራና የቀኙን ስፋት አጥብቦታል የሚል አለ። ይሁን። ክፍሉ ውስጥ የነበረ ሰው ነው። ሊ ሞርጋን ትራምፔቱን ሲያወርድ ፊቱን ያየ ሰው ነው። ለእሱ የማልሰጠውን እምነት ለማን ልሰጥ ነው?

ቴፑን ሁሉ ማን ጠብቆ ያቆያል ደግሞ? በጁን 2008 ሎስ አንጀለስ ውስጥ በተነሣ እሳት አንድ ትልቅ የማስተር ቴፕ ማከማቻ ነዷል። ዲስኩም ራሱ ዘላለማዊ አይደለም። ከ1988 እስከ 1993 ገደማ እንግሊዝ ብላክበርን ከነበረው የፒዲኦ የሲዲ ፋብሪካ ከወጡት ብዙዎቹ ከጠርዛቸው ጀምረው ነሐስ እየመሰሉ ይበላሻሉ። ከእኔም አንዱ ጀምሮታል። ብርሃን ላይ አድርጌ እያዟዟርኩ አየዋለሁ፤ ቡኒው ቀለም ወደ መሃል እየገባ ነው። አሁንም ይጫወታል። የመጨረሻው ዘፈን ላይ ብቻ ጥዝ ጥዝ የሚል ነገር ጀምሮታል። ቀድሜ ኮምፒውተር ላይ ገልብጬዋለሁ፤ እናንተም እንዲህ ያለ ዲስክ ካላችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ገልብጡት።

ግን ከጠፋው ይልቅ የተገኘው ነው የሚያስጨንቀኝ።

ጆን ኮልትሬን ማርች 6፣ 1963 ከማኮይ ታይነር፣ ከጂሚ ጋሪሰንና ከኤልቪን ጆንስ ጋር ወደ ቫን ጌልደር ስቱዲዮ ገባ። አንድ ሙሉ አልበም የሚወጣው ሙዚቃ ቀዱ። በማግስቱ እዚያው ተመልሰው ከዘፋኙ ጆኒ ሃርትማን ጋር ሌላ አልበም ሠሩ። የማግስቱ በዚያው ዓመት ወጣ፤ እስከዛሬ ሰው ፍቅር ሲይዘው የሚሰማው ነው። የማርች 6ቱ ግን ቀረ። ማስተር ቴፑም ጠፋ። የተረፈው ኮልትሬን ለራሱ ወደ ቤት የወሰደው ቅጂ ነው፤ በመጀመሪያ ሚስቱ በናይማ ቤተሰብ ዘንድ ተቀምጦ ተገኘ። በ2018፣ ከ55 ዓመት በኋላ፣ ታተመ። ደጋግመው ከተጫወቱት የትኛው በዋናው ዲስክ ይግባ የሚለውን ሲመርጡ ልጁ ራቪ አብሮ ነበር።

ዲስኩን ስገዛ ያን ቀን ሌላ ነገር አልሠራሁም። ኤልቪን ጆንስ ድራሙን ሲያንከባልለው የክፍሉ አየር የሚነቃነቅ ይመስላል። ኮልትሬን አንዳንዴ ሐረጉን ጀምሮ ይተወዋል፤ ከዚያ ከሌላ በኩል ዞሮ ይመጣበታል። እየፈለገ ነው። ያገኘውን ሳይሆን ፍለጋውን ነው የምንሰማው። ለእኔ እንዲህ ያለ ነገር በዚህ ዓለም ላይ ብዙ የለም።

ሁለቱ ሥራዎች ግን ስም የላቸውም። ቡክሌቱ ላይ በቁጥር ነው የተጻፉት፤ 11383 እና 11386። ኮልትሬን ስም ሳያወጣላቸው በ1967 አለፈ። ከዚያ ቀረጻ በኋላ አራት ዓመት ኖሯል። ቅጂውንም ወደ ቤት ወስዶት ነበር። ከፈለገ አውጡልኝ ማለት ይችል ነበር። ወይ ረስቶት ነበር፣ ወይ በየዓመቱ ሌላ ሰው እየሆነ ስለነበር ወደ ኋላ ማየት አልፈለገም፣ ወይ ደግሞ አልወደደውም። እኔ እጅግ ወድጄዋለሁ። ባይታተም ኖሮ የሚጎድልብኝን አሁን አውቀዋለሁ። ግን ሰውዬው ይህን እንድሰማው ፈልጎ ነበር ወይ?