የመስቀል ጓዳ፣ የመስከረም እሸት

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለ2018 ብርሃነ መስቀሉ በሰላም አደረሳችሁ! በዓሉ የእናንተ ያልሆነ ጎረቤቶቼም እንኳን አብሮ አደረሰን። እኛ ሰፈር ለነገሩ በዓሉ የማን እንደሆነ የሚለየው እስከ ጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላ በሁሉም ቤት ቡና ይፈላል።

ይህን የምጽፈው ጅማ፣ ማድቤት በር ላይ በርጩማ ስቤ ነው። ቅቤ ጥጃለሁ፤ ትቼው መሄድ አልችልም። ውጭ ያካፋል። አዎ፣ መስከረም 16 ነው፣ ያካፋል። ሌላው አገር ክረምቱን ሸኝቶ ሲጨርስ የእኛ ሰማይ ወሬው ገና አይደርሰውም። ደመራውን በጃንጥላ ስር ሆነን ያየንበት ዓመት ጥቂት አይደለም።

ዘንድሮ ልብ ያልኩት ነገር አለ። መስቀል እኛ ጋ የሚመጣው ጓዳው ሊራቆት ትንሽ ሲቀረው፣ ማሳው ደግሞ ገና እጁን ሳይዘረጋ ነው። ስለዚህ የበዓሉ ገበታ ግማሹ አምና ካስቀመጥነው፣ ግማሹ ቀድሞ ከደረሰው እሸት ይመጣል።

ቡናውን እዩት። የጅማ ሰው ቡና ከጓሮው ሸምጥጦ ወዲያው የሚያፈላ የሚመስላቸው የአዲስ አበባ ዘመዶች አሉኝ። «ለመስቀል አዲስ ቡና ላኪልን» ይሉኛል። አዲሱ ቡና እኮ ዛፉ ላይ ነው! የበልግ ዝናብ ሲነካው አብቦ፣ እስኪቀላ ስምንት ዘጠኝ ወር ይፈልጋል። አሁን አንዳንዱ ፍሬ ጉንጩ ቀላ ብሏል፤ አብዛኛው አረንጓዴ ነው። ለቀማው የሚደራው ከጥቅምት ወዲህ ነው። ከዚያ በኋላም የማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ፣ እየተገላበጠ፣ ለሳምንታት መድረቅ አለበት። የመስቀል ቡናችን እንግዲህ የአምና ቡና ነው።

ዋናው አቀማመጡ ነው። የግድግዳ ጎረቤቴ፣ እትዬ የምላቸው፣ የአምናውን ቡና ሳይፈለፍሉ፣ ጀንፈሉን፣ ከነልጣጩ የደረቀውን ፍሬ ማለቴ ነው፣ እንዳለ በጆንያ ያስቀምጣሉ። ለዕለቱ የሚበቃቸውን ብቻ በሙቀጫ ወቅጠው ያበጥራሉ። «ልብሱን ካላወለቀ ሽታው አይሄድም» ይላሉ። እኔ ተፈልፍሎ በላስቲክ ተቋጥሮ የከረመ አፍልቼ አወዳድሬያለሁ፤ ልክ ናቸው። ያንኑ ጀንፈል በቅቤ ሲያበስሉት ደግሞ ቡና ቀላ ይሆናል። ለማያውቀው ሰው አንድ ምክር አለኝ፤ እንደ ቆሎ አትዝገኑት። እኔ ዘግኜ እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ጣሪያ ስቆጥር አድሬያለሁ።

ትናንት ሐሙስ ነበር፤ ሐሙስ ደግሞ የሂርማታ ገበያ ነው። ለኮረሪማ ሄጄ ማር ላይ ቀረሁ። ነጩ ማር፣ ከጌራ በኩል የሚመጣው፣ ረግቶ ቅቤ መስሏል። አጠገቤ የቆመች ልጅ በጣቷ ነካችና «ስኳር ጨምረውበታል» ብላ ጥላው ሄደች። ባለማሩ ምንም አላለም፤ የለመደው ይመስላል። እኔ ግን አንጀቴ በላው። ማር ይረጋል፣ ያ ተፈጥሮው ነው። ከገተማ አበባ የሚቀሰመው ነጭ ማር ረግቶም ልስልስ ነው። ሌላው ቀርቶ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ብልቃጡን ቢያቆሙት ተመልሶ ይፈታል። ማር የሚፈራው እርጥበትን ነው። ጅማ ውስጥ ክዳኑን ከፍቶ የተወ ሰው በራሱ ይፍረድ፤ ማሩ ከአየሩ ውሃ እየሳበ ይቀጥናል፣ ቆይቶም አረፋ ይደፍቃል። ሁለት ኪሎ ገዛሁ። ከግማሹ ነገ ብርዝ ይበረዛል፤ ልጆችም እትዬም የሚጠጡት እሱን ነው። ግማሹ ወደ ጓዳ።

ስለ በርበሬ ባልናገር ደስ ይለኝ ነበር። አምና በዚህ ሰሞን ዛላ በርበሬ ረከሰልኝ ብዬ ገዛሁ። የሁለት ቀን ፀሐይ አየሁና አመንኩ፤ ግቢው ላይ አሰጣሁት። በሦስተኛው ቀን ዝናብ። አስገባሁት፣ አወጣሁት፣ መልሼ አስገባሁት። በሳምንቱ ዛላውን ስሰብረው ውስጡ ነጭ ሻጋታ። ታጥቦ፣ ተቆልቶ ይድናል ያሉኝ ነበሩ። አይድንም፤ የሻጋታ መርዝ በእሳት አይለቅም። ሁሉንም ጣልኩት። እትዬ በአጥሩ ላይ አይተውኝ «ልጄ፣ የመስከረም ፀሐይ እንግዳ ናት፣ አትደገፊባት» አሉኝ። በኅዳር ሌላ ገዛሁ፤ አስጥቼ፣ ማታ ማታ ከምድጃው በላይ ቆጥ ላይ እያሳደርኩ አደረቅሁት። የነገው ዶሮ ወጥ በእሱ ነው የሚሠራው። ብልቃጡ ውስጥ የቀረው አራት ማንኪያ ቢሆን ነው።

እሸቱ ግን ሞልቷል። በቆሎው ደርሷል፣ ዱባው አጥር ላይ ተንጠልጥሏል። በቆሎ ላይ ግትር ነኝ፤ ጠዋት የተሸለቀቀ በዚያው ቀን መጠበስ አለበት። ካደረ ጣፋጭነቱ እየሄደ ዱቄት ዱቄት ይላል። ይሄ ጓዳ የማያውቀው ምግብ ነው፤ አሁን ካልበሉት የለም።

ወደ ቅቤዬ ልመለስ። በኮባ ተጠቅልሎ የመጣ የመንደር ቅቤ ነው። ኮረሪማው ተወቅጦ ገብቷል፣ ኮሰረቱና በሶብላውም ገብተዋል፣ እርድ በጣት ጫፍ። አረፋውን እየገፈፍኩ ነው። ውሃው ተንኖ አተላው ሲዘቅጥ የሚቀረው ንጥር ለወራት አይነካም። ለነገ ክትፎ ብቻ ቢሆን ይህን ሁሉ አልጥድም ነበር፤ ክትፎውንስ ጉራጌ ጎረቤቶቻችን አስለምደውን ያለ እሱ መስቀል መስቀል አይመስለንም። ይሄኛው ግን እስከ ገና እንዲያደርሰኝ ነው። ችግሩ ዛሬ ዓርብ ነው። መቅመስ የለም። ጨው የለበት፣ ምን የለበት፣ በአፍንጫዬ ብቻ እየፈረድኩ ነው።

ጅማ የምትመጡ ካላችሁ ጥቅምት መጨረሻ ኑ። ያኔ ዛፉ ቀልቶ፣ ደጁ ሁሉ ቡና ተሰጥቶበት ታገኙታላችሁ። ነገ የምትመጡ ደግሞ የአምናውን ትጠጣላችሁ።

በሩ ተንኳኳ። እትዬ ናቸው፤ ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ዝናቡ እንዳይነካው በሰፌድ ከድነው የተጠበሰ በቆሎ ይዘዋል። «ለጾምሽ» አሉኝ። ቅቤውም ጠርቷል፤ ላውርደው። መልካም በዓል!