አልባስጥሮስን በዓይኔ አየሁት

አልባስጥሮስ የሚለውን ቃል የማውቀው ከወንጌል ነው፤ ያቺ ሴት ሽቱ ይዛበት ከመጣችው ብልቃጥ። ባለፈው ነሐሴ ለንደን እህቴ ጋ ሰንብቼ ሳለ ግን ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ገብቼ ከእንግሊዝ አልባስጥሮስ የተቀረጹ ቅዱሳት ምስሎችን አየሁ።

ድንጋዩ ጀሶ የሚወጣበት ዓይነት ነው፤ በጥፍር ይጫራል። በ14ኛውና በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖቲንግሃምና የአካባቢው ቀራጮች የጌታን ሕማማትና የቅዱሳንን ገድል ያወጡበት ነበር። ገበያውም ደርቶ ነበር። በ1491 እ.ኤ.አ. አንድ የኖቲንግሃም ቀራጭ በሻጩ ላይ ክስ መሥርቷል፤ የ58 የመጥምቁ ዮሐንስ ራሶች ሒሳብ ይከፈለኝ ብሎ። ሰው ቤቱ አስቀምጦ የሚጸልይባቸው ምስሎች ነበሩ።

ከሁሉ በላይ ያቆመኝ ከ1450 እስከ 1480 ባለው ጊዜ የተሠራውና ከመንበር ጀርባ ይቆም የነበረው የስዋንሲ ምስል ነው። ከሩቅ ነጭ ይመስላል። ጠጋ ስል ግን ልብስ የታጠፈበት ውስጥ ቀይ፣ ጸጉር ላይ የወርቅ ርዝራዥ አለ። ቀራጮቹ መሬቱን ጥቁር አረንጓዴ ቀብተው አበባ ይበትኑበት ነበር፦ መሃሉ ቀይ ነጥብ፣ ዙሪያው ነጭ ነጠብጣብ። በብሩሽ ጫፍ ጠብ ጠብ የተደረገ ነው። የቅዱሳኑን ፊት ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳይቀቡ ይተዉታል፤ የድንጋዩ ንጣት ራሱ ቆዳ ይሆናል። እንዴት ያለ ጥበብ ነው!

በ1550 በንጉሥ ኤድዋርድ 6ኛ ዘመን ምስል ሁሉ እንዲጠፋ በሕግ ታዘዘ። ብዙው ተሰባበረ። ከተረፈው ብዙው አስቀድሞ በመርከብ ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ ስፔን፣ እስከ አይስላንድ ድረስ ተሽጦ የሄደው ነው። የተደበቀም አለ፤ ኖቲንግሃም አጠገብ ፍሎፎርድ የምትባል ቤተ ክርስቲያን ስትፈርስ በ1779 ከወለሏ ሥር ሦስት ምስሎች ወጥተዋል፦ እመቤታችን ከነልጇ፣ ቅዱስ ጴጥሮስና አንድ ጳጳስ። በግራኝ ዘመን ታቦት በዋሻ መሸሸጉን እየሰማሁ ስላደግሁ ይህን ሳነብ ሆዴ ባባ።

በመጨረሻ አንድ የሥላሴ ምስል ፊት ቆምኩ። እኛ ዘንድ ሦስቱም እኩል ሽማግሌዎች ሆነው ይሣላሉ፤ እዚህ ግን አብ በዙፋን ተቀምጦ የተሰቀለውን ወልድ ከነመስቀሉ በጉልበቱ መካከል ይዟል። ርግቧ ለብቻ ተቀርጻ ትተከል ስለነበር በቦታዋ የለችም። ከአብ ጢም ዝቅ ብሎ የቀረው የትንሽ ጣቴን ጫፍ የሚያህል ቀዳዳ ነው። እዚያው አማተብኩ።