ከዱከም ወዲያ ጎትተን ያመጣናቸው ተሳቢዎች

ከሠራዊት በጨረታ የወጣ ተሳቢ ለመግዛት ካሰባችሁ ከቀለሙ በፊት ጎማውን እዩ። ቀለም ማንም ይቀባል።

ሰሞኑን ከጓደኞቼ ጋር ከዱከም ወዲያ ካለ ነጋዴ ግቢ ዓለምገና ካመጣናቸው ውስጥ ትንንሾቹ ኤም 101 የሚባሉት ባለ ሁለት ጎማ አሜሪካን ሠራሾች ናቸው። በ1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር ወታደራዊ ስምምነት ከተፈረመ ጀምሮ ደርግ በ1969 እስኪያቋርጠው ድረስ የእነሱ ዕቃ ሲገባ ነበር፤ እነዚህም የዚያን ዘመን ሳይሆኑ አይቀሩም። ሻሲያቸው ግን ዛሬም ቀጥ ያለ ነው። ከሰፈር ብየዳ ቤት ከሚወጣ አዲስ ተሳቢ እኔ ይሄን እመርጣለሁ። ጓደኞቼ "አንተን የብረት ፍቅር ይዞሃል" ይሉኛል፣ ይበሉ።

ጎማዎቹ ጥርሳቸው ሙሉ ነው፣ ጎናቸው ግን ፀሐይ ላይ ቆሞ ተሰነጣጥቋል። ነጋዴው "ልጆች፣ ምንም አይሉም፣ ጅማ ድረስ ይወስዷችኋል" አለን። ደግነቱ ጎሚስታ ይዘን ነበር የሄድነው። ምንም ሳይናገር አንዱን ፈታና ካላማዳሪውን፣ ማለትም አየር የሚሞላበትን የውስጥ ጎማ፣ አወጣው፤ እጁ ላይ እንደ ብስኩት ተፈረፈረ። ነጋዴው ዝም፣ ዋጋው ቀነሰ።

ቀጥሎ ሞዞ፣ ጎማው የሚታሰርበት መሃሉ። በክሪክ አንሱትና ጎማውን ላይና ታች ይዛችሁ ነቅንቁ። ከተንቀጫቀጨ ወይ ዳዶው ላልቷል ወይ ጎማውን የሚያሽከረክረው ኩሽኔታ አልቋል። የእኛው ላይ ግሪሱ ደርቆ በካቻቢቴ ነው የተፋቀው፤ በናፍጣ አጥበን አዲስ ሞላን፣ ግማሽ ቀናችን እዚያው አለቀ። መብራታቸው 24 ቮልት ስለሆነ ከፒክአፑ 12 ጋር አይሄድም፣ አምፖል ይቀየራል። መኪና ላይ የሚታሰረው አፋቸው ላይ ያለው ደግሞ ትልቅ የብረት ቀለበት ነው፤ የፒክአፕ መጎተቻ ኳስ አይዘውም፣ ጋንቾ (የብረት መንጠቆ) ይፈልጋል።

ትልቁ ኤም 105 ነው። ባዶውን ከ1 ቶን በላይ ይመዝናል፣ ፍሬኑም ከከባድ መኪና ንፋስ ካላገኘ አይሠራም። አንዱ ጓደኛችን "ቀስ ብለን በፒክአፕ እንጎትተዋለን" ብሎ ድርቅ አለ። ሲኖትራክ በሚተራመስበት ቃሊቲ ፍሬን የሌለው ብረት ከኋላ አስከትሎ? ክሬን ተከራይተን አይሱዙ ላይ ጫንነው። ትንንሾቹም የእጅ ፍሬን ብቻ ስላላቸው በአሮጌው መንገድ በገላን፣ በአቃቂ፣ ከዚያ በሀና ማርያም ለቡ እያዘገምን ገባን። ከኋላችን የነበረው ሕዝብ ጥሩምባውን አልቆጠበም።

ወረቀት ሳትይዙ ደግሞ አትነሱ። ተሳቢ የራሱ ታርጋ ነው ያለው፣ ትራፊክ መጀመሪያ የሚያየውም እሱን ነው።

አሁን ክርክሩ ውሃ ላይ ነው። ጓደኛዬ አንዱ ላይ የ1,000 ሊትር ሮቶ ልስቀል ይላል። ሲሞላ 1 ቶን ነው፤ ኤም 101 ደግሞ ለአስቸጋሪ መንገድ የተሠራው ለ680 ኪሎ ግድም ነው፣ የኛ ሰፈር መንገድ ደግሞ ታውቁታላችሁ። በ500 ሊትር ተስማምተናል፣ እስካሁን።