ቁርበት ፋቂው ደጃፍ ላይ

በፋሲካ ሰሞን ከኢትዮጵያ የሚመጡ ተሳላሚዎችን ሳስጎበኝ፣ ከመርሐ ግብሩ ሁሉ የምወደው የመጨረሻውን ቀን ነበር። ጎልጎታው፣ ዴር ሱልጣኑና ዮርዳኖሱ ካለቀ በኋላ፣ ግፊያና ጥድፊያ በሌለበት፣ በኢዮጴ ኮረብታ ላይ በእግር ቀስ እያልን የምንውልበት ቀን ነው። ዛሬ ያፎ የምትባለው ይህች ጥንታዊት የባሕር ዳር ከተማ በ1950 እ.ኤ.አ. ከቴል አቪቭ ጋር ተቀላቅላ እንደ አንድ ሰፈሯ ብትቆጠርም፣ ለተሳላሚዎቼ ግን ያው ኢዮጴ ነበረች።

ያን ዕለት 42 ሰዎችን ይዤ ነበር። ከአውቶቡሱ አስወርጄ ስቆጥራቸው የቆምንበት የሰዓት ማማ የሱልጣን አብዱልሐሚድ ሁለተኛ 25ኛ የንግሥና ዓመት መታሰቢያ መሆኑን በአንድ ትንፋሽ ተናግሬ አለፍኩ፤ ተሳላሚ ስለ ኦቶማን ሱልጣን ከሁለት ደቂቃ በላይ እንደማይሰማ ልምድ አስተምሮኛል። በ1799 እ.ኤ.አ. ከተማዋን የያዘው ናፖሊዮንም ከዚያ የተሻለ ዕድል አልገጠመውም። ከኮረብታው አናት፣ ከጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ወዲያ ወደቡ ቁልቁል ሲታይና ዮናስ ወደ ተርሴስ ለመኮብለል የተሳፈረው ከዚህ እንደሆነ ስናገር ግን ሁሉም ዝም አለ፤ እናቶች ግንቡ ላይ ተቀምጠው ባሕሩን እያዩ ለግማሽ ሰዓት ያህል አልነሣ አሉኝ፤ እኔም አልቸኮልኩም።

ከዚያ በከዋክብት ስም በተሰየሙት ጠባብ መተላለፊያዎች ወርደን፣ በአሮጌው የመብራት ማማ አጠገብ የቁርበት ፋቂው የስምዖን ቤት ነው ወደሚባለው ደጃፍ ደረስን። ቤቱ ለጎብኝ ስለማይከፈት ወሬው ሁሉ የሚያልቀው በር ላይ ነው፤ በር ላይ የቆመን ሕዝብ ደግሞ ቀልድ ካልሆነ የሚይዘው የለም። የአይሁድ ሕግ መጽሐፍ የሆነው ሚሽና የቆዳ ማልፊያ ከከተማ 50 ክንድ እንዲርቅ ማዘዙን፣ የፋቂ ሚስት ሽታው ካስመረራት ፍቺ መጠየቅ እንደምትችል እነግራቸዋለሁ። (ያው ሕግ ማልፊያው ከከተማው በስተምሥራቅ ይሁን ማለቱን ግን አላነሣም፤ ኢዮጴ ላይ ባሕሩ በምዕራብ ነውና።) ቀጥዬም ለዓመታት ያሳቀልኝን አመጣሁ፦ «እንግዲህ ጴጥሮስ ያደረው ፋቂ ቤት ነው፤ በእኛ አገር ቢሆን ኖሮ እንኳን ሊያድር ውኃም ተቀብሎ አይጠጣም ነበር!»

እንደ ወትሮው ተሳቀ። ነጭ ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ አልሳቁም፤ ጆሯቸው ከብዷቸው ይሆናል ብዬ አለፍኩ።

ወደብ ላይ ሰው ሁሉ ዓሣ አጥማጆቹን ሲያይ እኚሁ አባት አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ፤ ምንም ሳይናገሩም የትከሻ ቦርሳዬን ማሰሪያ በአውራ ጣታቸው እያሹ ቆዩ። ከዚያው ከያፎ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ተከራክሬ የገዛሁት፣ የምኮራበት ቦርሳ ነበር።

«ይህ ቆዳ አልለፋም» አሉ።

«እንዴት አወቁ፣ አባባ?»

«በእምቧይ ታሽቶ የለፋ ቆዳ ጣትህን ይከተላል። ይህ ይገፋሃል። ዓመት አይቆይም፣ ልጄ።» ጥቂት ዝም ብለው፣ «አባቴም፣ የአባቴም አባት ያንን ነበሩ» አሉኝ። ቃሉን አልጠሩትም፤ ደጃፉ ላይ የጠራሁት እኔ ነበርኩ።

ይቅርታ መጠየቅ የሚገባኝ እዚያ ላይ ነበር። እኔ ግን፣ ለምን እንደሆነ አሁንም አላውቅም፣ የራሴን ዘር መቁጠር ጀመርኩ፤ ወገኖቼ ቤተ እስራኤል እንደሆኑ፣ አያቴ ከጎንደር ወጣ ብላ ባለችው በወለቃ ቀጥቃጭ እንደነበሩ፣ ጎረቤት ቀን ማረሻ ሊያሠራ መጥቶ ሲመሽ «ቡዳ ናቸው» እያለ ልጆቹን ይደብቅ እንደነበር ነገርኳቸው። እኔም ከእርስዎ ወገን ነኝና ቀልዱን ይለፉልኝ ማለቴ መሆኑ ነው። እሳቸው እስክጨርስ በትዕግሥት ሰሙኝ።

«እንግዲያ ታውቀዋለህ ማለት ነው» አሉ።

ሌላ ቃል አልጨመሩም፤ ተነሥተው ጋቢያቸውን አጣፍተው ወደ አውቶቡሱ አዘገሙ። ማታ ሆቴል ሳደርሳቸው እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው መረቁኝ፤ ምርቃቱ ከንግግሩ የበለጠ ከበደኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከቢሮ ተጠራሁ። ስለ ቀልዱ አቤቱታ ቀርቦብኛል። ያቀረቡት ሽማግሌው አልነበሩም፤ ደጃፉ ላይ ከሁሉ በላይ ሲንከተከት የነበረ፣ እንባውን በመሐረብ ሲጠርግ በዓይኔ ያየሁት ሰው ነው። ኃላፊያችን ኢዮጴን ከአውቶቡስ ኪራይ ደረሰኝ ላይ ካልሆነ የሚያውቃት አይመስለኝም፤ ቢሆንም ረጅም ምክር ሰጠኝ፣ ከእንግዲህም ስምዖን «የቆዳ ባለሙያ» እንዲባል በጽሑፍ አዘዘ። መታዘዙን ታዘዝኩ። ሽማግሌው ይህን ትእዛዝ ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር እያልኩ ግን ብዙ ጊዜ አሰላስያለሁ፤ የከነከናቸው ቃሉ ነበር ወይስ ሳቁ?

በሚቀጥለው ዓመት ፋሲካ እዚያው ደጃፍ ላይ ቆሜ፣ «ይህ የቆዳ ባለሙያው የስምዖን ቤት ነው» አልኩ። አንድ ወጣት ዲያቆን እጁን አወጣ።

«ይቅርታ፣ ጋሼ፤ የሐዋርያት ሥራ የሚለው 'ቁርበት ፋቂው' ነው።»

«ልክ ነህ» አልኩት። አንድም ሰው አልሳቀም። ሰዉን ቆጥሬ፣ የዚያኑ ቦርሳ ማሰሪያ ትከሻዬ ላይ አስተካክዬ ወደ ወደቡ ወረድኩ። ማሰሪያው ዓመቱን ሞልቶም አልተበጠሰም ነበር፤ ቢበጠስልኝ ግን እመርጥ ነበር።