ታይመስ ድንጋጤ ታውቃለች፦ ሰባት ሳምንት የበላብኝ ስህተት

ይህን የምጽፈው ያኔ አንድ ሰው ቢያስጠነቅቀኝ ኖሮ እያልኩ ዛሬም ስለምቆጭ ነው። ሰባት ሳምንትና 23 አይጦች በከንቱ አልቀውብኛል። ቲ ሴል (ሰውነትን ከበሽታ የሚከላከል ነጭ የደም ሴል) ላይ የምትሠሩ፣ በተለይ ከአገር ወጥታችሁ የእንስሳት ላብራቶሪ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትገቡ፣ እባካችሁ አንብቡት።

አዲስ አበባ በሕክምና ላብራቶሪ ተመርቄ ሁለት ዓመት ሆስፒታል ሠርቻለሁ። ከዚያ ለማስተርስ ጀርመን ሄድኩ። እስከዚያ ድረስ ቲ ሴሎች የሚያድጉባትን ታይመስን በሥዕል ብቻ ነበር የማውቃት። የተሰጠኝ ሥራ ቀላል ይመስል ነበር። አንድ ጂን የጎደላቸውን አይጦች ከጤነኞቹ ጋር አነጻጽሬ፣ ቲ ሴሎቻቸው የቱ ደረጃ ላይ እንደሚቀሩ ማየት ነው።

ደረጃዎቹን ላስታውሳችሁ፤ ያለ እነሱ ስህተቴ አይገባም። የቲ ሴል ዘር የሚመጣው ከአጥንት መቅኔ ነው። የሚያድገው ግን ታይመስ ውስጥ ነው፤ ከደረት አጥንት ጀርባ፣ ከልብ በላይ ባለችው ባለ ሁለት ክንፍ ነጭ ሥጋ። ሲገባ ሲዲ4 እና ሲዲ8 ከሚባሉት የሴል ገጽ ፕሮቲኖች አንዱም የለውም፤ በላብራቶሪ ቋንቋ ዲኤን (ሁለቱም የሌሉት) ነው። እዚያ ኖች በሚባል ምልክት ቲ ሴል እንዲሆን ይታዘዛል። ቀጥሎ ዒላማውን የሚይዝበትን ተቀባይ አንድ ግማሽ፣ ቤታ ሰንሰለቱን፣ ከዲኤንኤ ቁርጥራጮች ይገጣጥማል። ካልተሳካለት ይሞታል። ከተሳካለት ይባዛል፣ ሲዲ4ንና ሲዲ8ን ባንድ ላይ ያወጣል፣ ዲፒ (ሁለቱም ያሉት) ይባላል። አልፋ ሰንሰለቱንም ሲሠራ ፈተናው ይጀምራል። የራስን ኤምኤችሲ ሞለኪውል (ሴሎች የፕሮቲን ቁራጭ ለቲ ሴል የሚያሳዩበትን) ጨርሶ መያዝ ያልቻለ በሦስት በአራት ቀን ይሞታል። በልኩ የያዘ ያልፍና ወይ ሲዲ4ን ወይ ሲዲ8ን ይዞ ይቀራል።

የሚቀጥለው ሁሌም ይገርመኛል። በታይመስ መሃል ያሉ ሴሎች ኤየር በሚባል ጂን እየታገዙ የሌሎች አካላትን ፕሮቲን ያመርታሉ። የቆሽት የሆነውን ኢንሱሊንን ሳይቀር። ቲ ሴሉ የራሱን አካል አጥብቆ የሚይዝ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ይወገዳል። ኤየር የተበላሸበት ሰው ገና በልጅነቱ የገዛ ዕጢዎቹ በራሱ ቲ ሴሎች ሲጠቁ ይታያል።

ጤነኛ ወጣት አይጥ ላይ ከታይመስ ሴሎች 80 በመቶ ያህሉ ዲፒ ናቸው። ይህን ቁጥር ያዙልኝ።

ሥራው ራሱ ብዙ አያወራም። ታይመሷን አውጡ፣ በወንፊት ፍጩ፣ ሴሎቹን ቁጠሩ፣ ሲዲ4ንና ሲዲ8ን በሚለይ ባለቀለም አንቲቦዲ ቀቡ፣ ሴሎችን አንድ በአንድ በሚያነብ ማሽን (ፍሎው ሳይቶሜትር) ላይ አስነብቡ። አንድ ነገር ብቻ፦ አጠገቧ ያሉትን ትንንሽ ሊምፍ ኖዶች አብራችሁ እንዳታወጡ። የበሰሉ ቲ ሴሎች ሞልተውባቸዋል፤ ውጤታችሁን ያዛቡታል።

የልምምዴ ውጤት ቆንጆ ነበር። ከአንድ ታይመስ 160 ሚሊዮን ሴል፣ ዲፒ 84 በመቶ። ዋናውን ሙከራ ስጀምር ነው ነገር የተበላሸው። ጤነኞቹ አይጦች 24 ሚሊዮን ሴል፣ ዲፒ 46 በመቶ ሰጡኝ። ጂን የጎደላቸው ደግሞ 140 ሚሊዮን። የታመሙት ደህና፣ ደህናዎቹ የታመሙ ሆኑ ማለት ነው።

መጀመሪያ አንቲቦዲውን ጠረጠርኩ። አዲስ አስመጣሁ፤ ያው። ማሽኑን ጠረጠርኩ። ቴክኒሻኑ ሁለት ቀን ፈትሾ ምንም የለውም አለኝ፤ አላመንኩትም። የሴል አቆጣጠሬን ለወጥኩ። ወንፊት ለወጥኩ። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ብቻዬን ተቀምጬ ያንኑ ሥዕል ደጋግሜ አይ ነበር። እናቴ በስልክ «ድምፅህ ምን ሆኗል?» ስትለኝ ጉንፋን ነው እላለሁ።

በአምስተኛው ሳምንት የባሰ ነገር አደረግሁ። ውጤቱን ማመን ጀመርኩ። ጂኑ ሲጠፋ ታይመስ ከመክሰም ይድናል የሚል ማብራሪያ ፈጠርኩ፤ በሳምንታዊ ስብሰባችን ላይም ደረቴን ነፍቼ አቀረብኩት። ሰው አጨበጨበልኝ። ያንን ቀን ሳስበው እስከ ዛሬ ፊቴ ይግላል። ጤነኛዋ አይጥ ለምን እንደከሰመች ሳልጠይቅ የታመመችዋን የዳነች አደረግኋት።

መልሱን ያገኘሁት ከአለቃዬም ከመጽሐፍም አይደለም። የአይጦቹን ኬጅ የሚያጸዱ አንዲት ትልቅ ሴት ናቸው የነገሩኝ። ከላይ ከላይ ሰላም ከማለት በቀር አውርቻቸው አላውቅም ነበር። አንድ ጠዋት አይጦቹን ስወስድ አስቆሙኝና «እነዚህ እኮ ሲናከሱ ነው ያደሩት፤ ጅራታቸውን አላየህም?» አሉኝ። አየሁ። ጅራታቸውና ጀርባቸው ላይ የደረቀ ቁስል ነበር።

ነገሩ ይሄ ነው። ጤነኞቹን አይጦች ከሻጭ በመኪና ነበር የምናስመጣው። ጂን የጎደላቸው ግን እዚያው ቤት የተወለዱ፣ ከወንድሞቻቸው ጋር ያደጉ ናቸው። ከጉዞ የመጡትን ወንዶች ከሦስት ሳጥን አውጥታችሁ አንድ ኬጅ ውስጥ አድርጉልኝ ያልኩት እኔ ነኝ። የኬጅ ኪራይ በቀን ስለሚታሰብ ገንዘብ ልቆጥብ ብዬ። የማይተዋወቁ ወንድ አይጦች አንድ ላይ ሲገቡ ይጣላሉ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ እኔ ቢላዬን ይዤ መጣሁ።

አይጥ ስትጨነቅ ከኩላሊቷ በላይ ያለው ዕጢ ኮርቲኮስቴሮን ያፈሳል። ዲፒ ሴሎች ይህን ሆርሞን አይችሉትም፤ በሰዓታት ውስጥ ይሞታሉ። ሌሎቹ ስለሚቋቋሙት ድርሻቸው የጨመረ ይመስላል። የጭንቀት ተመራማሪው ሃንስ ሴልዬ ይህንን እ.ኤ.አ. በ1936 ጽፎታል፦ አይጦች በምንም ዓይነት ጉዳት ሲጨነቁ ታይመሳቸው ይሟሽሻል። እኔ ፈተና ላይ ይህንኑ መልሼ ሙሉ ነጥብ አግኝቻለሁ። ኬጁ ፊት ስቆም ግን ትዝ አላለኝም።

የእንስሳት ቤቱን ኃላፊ ሄጄ አነጋገርኩት። ቀና ብሎ ሳያየኝ «ደንቡ 48 ሰዓት እረፍት ይላል፤ አንተ 72 ሰጥተሃል» አለኝ። ወንዶቹ ሲቀላቀሉ ለምን ሁሉም ዝም አለ ስለው፣ ፎርሙ ላይ የፈረምከው አንተ ነህ አለኝ። እውነቱን ነው፣ ፈርሜያለሁ። ግን ሥራው እንስሳ መጠበቅ የሆነ ሰው አንድ አዲስ ተማሪ እንዲህ ያለ ፎርም ሲያመጣ «ተው» ማለት ነበረበት። 48 ሰዓት አይጧ መብላትና መጠጣት እስክትጀምር ይበቃ ይሆናል። ለታይመስ አይበቃም።

ስለዚህ ደንባችሁ የሚለውን ተዉት። ለታይመስ ሥራ ሁለት ሳምንት ስጡ። አለቃችሁ ቢቸኩልም አትስሙት። ወንዶችን አትቀላቅሉ፤ እንዲያውም ከተቻለ ሴቶችን ተጠቀሙ። ከሁሉ በላይ ማነጻጸሪያችሁ ከዚያው እናት የተወለዱ፣ እዚያው ኬጅ ያደጉ ወንድምና እህቶች ይሁኑ። የተገዛ አይጥ ከቤት ከተወለደ ጋር አይነጻጸርም፤ በዚህ አልደራደርም። ማሽን ከመጠርጠራችሁ በፊት ደግሞ አይጦቹን በየቀኑ የሚያዩትን ሰዎች ጠይቁ።

በኋላ ሳነብ ይህ ስህተት በእኔ እንዳልተጀመረ አወቅሁ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሐኪሞች በድንገት የሞቱ ሕፃናትን ሲመረምሩ ታይመሳቸው ትልቅ ሆኖ ያገኙት ነበር። ትልቅ የመሰላቸው፣ ልክ ነው ብለው የያዙት መጠን በበሽታ ማቅቀው ከሞቱ ሰዎች የተወሰደ ስለነበር ነው። እነዚያ የከሰመ ታይመስ ነበራቸው። የሕፃናቱ ጤነኛ ነበር። ግን ልጅ የሚገድለው ትልቅ ታይመስ ነው ተባለና ብዙ ሺህ ደህና ሕፃናት ደረታቸው ላይ ጨረር ተደረገባቸው። እ.ኤ.አ. በ1950 ከእነዚህ ሕፃናት መካከል የታይሮይድ ካንሰር እንደሚታይ ተጻፈ። የታይመስ ሥራ ምን እንደሆነ በተመራማሪው ዣክ ሚለር የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1961 ነው። ይህን ያነበብኩ ዕለት ሥራ መቀጠል አልቻልኩም። ማነጻጸሪያውን አለመጠየቅ እኔን ሰባት ሳምንት አስከፈለኝ፤ እነሱን ልጆች።

ሆስፒታል እያለሁ በከባድ የምግብ እጥረት የገቡ ሕፃናትን ደም እቆጥር ነበር። ደጋግመው የሚታመሙት ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም። የእነሱም ታይመስ ይከስማል፤ በአልትራሳውንድ ሳይቀር ይታያል። ሲመገቡና ሲያገግሙ ግን መልሶ ያድጋል።

ሙከራውን ከባዶ ጀመርኩ። ሁለት ሳምንት ጠበቅሁ፣ ወንድማማች ከወንድማማች አነጻጸርኩ። ጤነኞቹ 170 ሚሊዮን፣ ዲፒ 83 በመቶ። ጂን የጎደላቸው በእርግጥም ቤታ ሰንሰለት የሚሠራበት ደረጃ ላይ ይዘገያሉ፤ ቀድሞ የጠበቅነው ይህንኑ ነበር። በስብሰባው ላይ ያልኩትን በዚያው ስብሰባ ላይ ተነስቼ አስተባበልኩ።

አለቃዬ የ23ቱን አይጦች ውጤት ከመመረቂያ ጽሑፌ እንዳወጣው መከረኝ። አላወጣሁትም። ኬጁ፣ የመጡበት ቀን፣ የተቀላቀሉበት ቀን፣ ቁስላቸው፣ ሁሉም በሰንጠረዥ ተቀምጧል፤ የምስጋናው ገጽ ላይም የእኚያ ሴት ስም ከአለቃዬ ስም ቀድሞ ተጽፏል።