በሁዳዴ ድራፍት?

ከእናቴ ጋር በስልክ የተጨቃጨቅነው በ2024 ሚያዝያ ላይ ነበር። (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምቆጥረው፤ ጨዋታውም የእነሱ፣ የአሜሪካን ፉትቦል ነው።) ሐሙስ ነው። በእኛ እኩለ ቀን፣ በእሷ ምሽት። «ዛሬ ማታ ድራፍት ስላለ ቶሎ ወደ ቤት እገባለሁ» አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና፣ «በሁዳዴ ድራፍት?» አለችኝ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። አዲስ አበባ ለኖረ ሰው ድራፍት ማለት በጃምቦ የሚቀዳ ቢራ ነው። «አይ እማዬ፣ የኳስ ተጫዋች የሚመረጥበት ቀን ነው» አልኳት። «ማነው የሚመርጠው?» «ቡድኑ።» «ታዲያ አንተን ምን አገባህ?»

መልስ አልነበረኝም። እስካሁንም የለኝም። ያም ሆኖ አሥራ ምናምን ዓመት ሙሉ በየሚያዝያው ደብተር ይዤ ቴሌቪዥን ፊት እቀመጣለሁ።

የደብተሩ ነገር የመጣው ከፓርኪንግ ነው። እዚህ አገር እንደመጣሁ የሠራሁት ዲሲ መሀል ከተማ፣ ምድር ቤት ያለ ፓርኪንግ ውስጥ ነበር፤ ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ። አብረውኝ የሚሠሩ አንድ የዲሲ ተወላጅ ሽማግሌ ነበሩ። እሁድ እሁድ ሬዲዮ ከፍተው ጨዋታ ይሰማሉ። እኔ ምንም አይገባኝም። አንድ ቀን ሲሰለቻቸው የገንዘብ መሳቢያውን ከፈቱና በሳንቲም አስተማሩኝ። አምስት ቀያይ ባለአንድ ሳንቲሞች ጎን ለጎን ደረደሩ። ከኋላቸው አንድ ኳርተር፣ ባለ25 ሳንቲሟን፣ አስቀመጡ። «ይሄ ኳሱን የሚወረውረው መሪ፣ ኳርተርባክ ነው፤ ቀያዮቹ ጠባቂዎቹ ናቸው» አሉኝ። ከዚያ ከፊት ለፊት ሌሎች ሳንቲሞች እየገፉ አመጡና ቀያዮቹን በተኗቸው። ኳርተሯ ተንከባላ ከጠረጴዛው ሥር ገባች። «ገባህ? ስሙን የሚጠራው ሰው ሁሉ ኳርተሩን ነው። ቀያዮቹ ካልቆሙ ግን ኳርተርህን ከመሬት ነው የምትለቅመው።»

ስለ ድራፍት የነገሩኝም እሳቸው ናቸው። 32 ቡድን፣ ሰባት ዙር። ዓመቱን ከሁሉ የባሰ የጨረሰ መጀመሪያ ይመርጣል፤ ዋንጫ የበላ መጨረሻ። ከኮሌጅ የሚወጣው ልጅ የሚሄድበትን ቡድን አይመርጥም። ሽሮ ሜዳ እያለን ሁለት አምበሎች ተራ በተራ ልጅ ሲመርጡ ትዝ አለኝ። እኔ ሁልጊዜ የመጨረሻው ነበርኩ። «አንተ ደግሞ በረኛ ግባ!» የምርጫ ነገር ከዚያ ጀምሮ ሳያንገበግበኝ አልቀረም።

ሽማግሌው የሰጡኝ ምክር አንድ ነው፤ «ያሰብከውን በዚያው ማታ ጻፈው። ካልጻፍከው በዓመቱ ትዋሻለህ። ሁሉም ሰው ይዋሻል።» ስለዚህ እጽፋለሁ። ለእያንዳንዱ ምርጫ ከ10 ነጥብ እሰጣለሁ። ሕጉ መሰረዝ አይቻልም ነው።

ሰሞኑን ሲዝኑ አልቆ፣ ውጭ በረዶ ሲዘንብ፣ ደብተሩን አውጥቼ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አነበብኩት። እንዲህ ዓይነት ውርደት በገዛ እጅ ጽሑፍ ሲሆን ይከብዳል።

ቡድኔ ዋሽንግተን ነው። ደብተሩ ውስጥ በሦስት ስም አለ፤ መጀመሪያ ሬድስኪንስ፣ ከ2020 ጀምሮ ለሁለት ዓመት «ዋሽንግተን ፉትቦል ቲም» (ስም እስኪገኝ ማለት ነው)፣ ከ2022 ወዲህ ኮማንደርስ። የመጀመሪያው ገጽ 2012 ነው። ሮበርት ግሪፈን። 10 ከ10። አጠገቡ ሦስት ቃለ አጋኖ። እሱን በሁለተኛነት ለመውሰድ ቡድኑ የሦስት ዓመት የመጀመሪያ ዙር ምርጫና አንድ የሁለተኛ ዙር ራምስ ለሚባለው ቡድን ሰጥቷል። ውድ ነው አላልኩም። በዚያው ድራፍት በአራተኛው ዙር፣ በ102ኛነት፣ ሌላ ኳርተርባክ መረጡ፤ ከርክ ከዝንስ። «ዜሮ። ኳርተርባክ አለን እኮ!» ብያለሁ።

ግሪፈን በመጀመሪያ ዓመቱ አበደ፤ የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ አጥቂ ተባለ። ጃንዋሪ 2013 ከሲያትል ጋር በገዛ ሜዳችን ጉልበቱ ተጎዳና እንደ ድሮው አልሆነም። ከ2015 እስከ 2017 ቡድኑን የመራው ያ ዜሮ የሰጠሁት ልጅ ነው። ሽማግሌው ይሄንን ሲያስታውሱኝ ሳቃቸው ፓርኪንጉን ያናጋው ነበር።

ቻይስ ያንግ፣ 2020፣ ሁለተኛ፦ 10። የሜሪላንድ ልጅ፣ የሰፈራችን ሰው ማለት ነው። አንድ ዓመት አንበሳ ሆነ፣ በሁለተኛው ጉልበቱ ሄደ፣ በ2023 ለሳን ፍራንሲስኮ ተሸጠ። ኢማኑኤል ፎርብስ፣ 2023፣ 16ኛ፦ 9። ክብደቱ 166 ፓውንድ ነው ብለው ሲያሙት «ኳስ የሚነጥቀው በእጁ ነው በሆዱ?» ብዬ ጽፌያለሁ። ኮሌጅ እያለ ነጥቆ ስድስት ጊዜ አስቆጥሯልና ልቤን ወስዶት ነበር። በሁለተኛ ዓመቱ አሰናበቱት። ከእሱ ቀጥሎ በ17ኛነት ኒው ኢንግላንድ የወሰደው ክርስቲያን ጎንዛሌዝ ዛሬ የታወቀ ተከላካይ ነው። ስለዚህኛው ብዙ ማውራት አልፈልግም።

ሳነበው የታዘብኩት ነገር አለ። ነጥቡ ስለ ልጆቹ ምንም አይናገርም። ስለ እኔ ነው። ባለፈው ዓመት በምን እንደተሸነፍን ንገሩኝና በሚያዝያ ለማን 10 እንደምሰጥ እነግራችኋለሁ። የሚርበው ሰው ገበያ ሲወጣ እንደሚገዛው ነው የምገዛው።

ወደዚያ የሁዳዴ ሐሙስ ልመለስ። አዳም ፒተርስ የሚባል አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጥቷል። ምርጫችን ሁለተኛ ነው። አንደኛው፣ የዲሲው ልጅ ኬሌብ ዊሊያምስ፣ ወደ ቺካጎ እንደሚሄድ ሁሉ ያውቃል። እኔ ድሬክ ሜይን ነበር የፈለግሁት። ረጅም፣ ደረቱ ሰፊ፣ ቢመቱት የማይወድቅ። ጄይደን ዳንኤልስን ሲጠሩ ልጄ ሶፋ ላይ ዘለለ። እኔ ግሪፈን ትዝ አለኝ፤ ይሄም ሯጭ፣ ይሄም ቀጭን። «6። ይሰበራል» ብዬ ጻፍኩ። ሽሮዬን በልቼ ተኛሁ።

በማግስቱ የባሰ ተናደድኩ። ተጫዋቻችንን ሞንቴዝ ስዌትን ለቺካጎ ሰጥተን ያገኘናት የ40ኛ ምርጫ ነበረች። ፒተርስ ይቺን ለፊላዴልፊያ አስተላለፋት። ለፊላዴልፊያ! በለውጡ 50ኛና 53ኛን አገኘን። «3። ለጠላት ቢላ አቀበልን» ይላል ደብተሬ። ፊላዴልፊያ በ40ኛነት ኩፐር ዲጂንን ወሰደ። ልጁ በዚያው ሲዝን የዋንጫው ፍጻሜ፣ ሱፐር ቦውል ላይ፣ በ22ኛ ዓመት ልደቱ ቀን፣ ከካንሳስ ሲቲው ኳርተርባክ ከማሆምስ ኳስ ነጥቆ አስቆጠረ። ስለ ቢላዋ ልክ ነበርኩ።

ግን 50ኛው ማይክ ሴንሪስቲል ነው። ሃይቲ ተወልዶ በልጅነቱ ማሳቹሴትስ የመጣ። እንደኛው ስደተኛ። ኮሌጅ የገባው ኳስ ተቀባይ ሆኖ ነው፤ እዚያ ነው ተከላካይ ያደረጉት። ዲትሮይት ላይ፣ ማንም ያሸንፋሉ ባላለን ጨዋታ፣ ሁለት ኳስ ነጠቀ። 45 ለ 31። ባለቤቴ ከእንቅልፏ ተነስታ «ጎረቤት ፖሊስ ይጠራብሃል» ያለችኝ የዚያን ሌሊት ነው።

ዳንኤልስማ ምን ልበል። ኦክቶበር 27፣ ከዊሊያምስ ቡድን ከቺካጎ ጋር። ሰዓቱ አልቋል፣ በሦስት ነጥብ እየተመራን ነው። ወዲያ ወዲህ ሮጦ ሮጦ ኳሷን ወደ ሰማይ ለቀቃት። የቺካጎው ተከላካይ ያ የመጨረሻ ሙከራ ሲጀመር ፊቱን ወደ ተመልካች አዙሮ ሲያላግጥ ነበር፤ ዘግይቶ ደርሶ ነካት። የነካት ኳስ ከሁሉም ጀርባ ብቻውን የቆመው ኖዋ ብራውን እጅ ላይ አረፈች። 18 ለ 15። በነጋታው ለእናቴ ስነግራት «እንዲህ ያለውን ውርወራ እዚህ ሰላም ለኪ ማርያም ነው የሚሉት» አልኳት። «እንግዲያማ በከንቱ አይወድቅም» አለች። ከዚያ ወዲህ «ያ የማርያም ልጅ ደህና ነው?» ሳትል ስልክ አትዘጋም። ሱፐር ቦውል ሊገባ አንድ ጨዋታ ሲቀር፣ እስከ ኮንፈረንሱ ፍጻሜ ደረስን፤ ከ1991ዱ ሲዝን ወዲህ የመጀመሪያው። እዚያ ፊላዴልፊያ 55 አገባብን። ያም ያው ቢላዋ ነው።

በ2025 ድራፍቱ የወደቀው በፋሲካ ሳምንት ነው። ቤት ውስጥ ሥጋ ነው፣ ቁርጥ ነው። ሰው ጠግቦ ሲመርጥ ይሻላል ብዬ ነበር። 29ኛ ላይ ተቀምጠናል። በጠቅላላ የቀሩን አምስት ምርጫዎች ናቸው፤ ሌላውን ለላረሚ ታንሲል፣ ለላቲሞር፣ ለዲቦ ሳሙኤል ከፍለንበታል። ኳርተርባክ የሚያሳድድ ሰው አልነበረንም፤ ፋውለር 10 ተኩል ሳክ (ኳርተርባኩን ኳስ ሳይለቅ መጣል ማለት ነው) ሠርቶ ወደ ዳላስ ሄዷል። እኔ የቦስተን ኮሌጁን ኢዜሩዋኩን ፈለግሁ። ፒተርስ ጆሽ ኮነርሊን መረጠ። ታክል፣ ጠባቂ ማለት ነው። ቀይ ሳንቲም። «4። ሰው ሲርበው ምጣድ ይገዛል?» (ጠግቤም እንደዚሁ ነኝ።) ኢዜሩዋኩን በማግስቱ ዳላስ በ44ኛነት ወሰደው፤ ያንን ምሽት አልጻፍኩም፣ ስድብ ብቻ ስለነበር።

ሲያትል ያለችው የአክስቴ ልጅ ደወለች። ስለ ጨዋታው ምንም አታውቅም። «የሰፈራችንን ልጅ ወሰዳችሁት አሉ!» አለችኝ። ኮነርሊ የሬይኒየር ቢች ልጅ ነው፤ የእኛ ሰው በብዛት ከሚኖርበት ከዚያ ከደቡብ ሲያትል። ያኔ ትንሽ አፈርኩ። ግን ሕጉ ሕግ ነው። 4 እንደሆነ ቀረ።

መጨረሻ ላይ 245ኛ። ጃኮሪ ክሮስኪ ሜሪት፤ ሰው ቢል ነው የሚለው። በኮሌጁ የመጨረሻ ዓመት፣ በመጫወት መብት ጉዳይ፣ አንድ ጨዋታ ብቻ ነው የተጫወተው። ደብተሬ ላይ ስሙ እንኳ በትክክል አልተጻፈም። ነጥብም የለውም፤ ሰረዝ ብቻ። ኦክቶበር ላይ ሎስ አንጀለስ ቻርጀርስን 111 ያርድ ሮጠባቸው፣ ሁለት ጊዜ አስቆጠረ። ሶፋው ላይ የዘለልኩት በዚህ ጊዜ እኔ ነኝ። ያቺን ሰረዝ ሳይ ሽሮ ሜዳ ትዝ ይለኛል። በረኛ ግባ!

የቀረው ሲዝን ግን አይወራ። 5 አሸንፈን 12 ተሸነፍን። ኖቬምበር 2፣ እሁድ ማታ፣ ከሲያትል ጋር 38 ለ 7 እየተመራን፣ አራተኛው ሩብ ውስጥ ዳንኤልስ ወደቀና የግራ ክርኑ ወለቀ። በዚያ ውጤት ለምን ሜዳ ላይ ነበር? አሠልጣኙ ጥፋቱ የእኔ ነው አለ። ልጄ ወደ ክፍሉ ሄደ። እኔ «ይሰበራል» ብዬ የጻፍኩበት ገጽ ትዝ አለኝ፣ ትክክል በመሆኔ ያን ያህል ያመመኝ ቀን የለም። ሜይ ደግሞ በዚህ ሲዝን ኒው ኢንግላንድን ይዞ ሱፐር ቦውል ገባ። 6 መስጠቴ ታዲያ ልክ ነበር ወይስ ስህተት? ሽማግሌው ጡረታ ወጥተው ከከተማ ሄደዋል እንጂ እጠይቃቸው ነበር።

ኮነርሊ መጀመሪያ ሰሞን ሲንገዳገድ ከቆየ በኋላ ቆመ። ቀይ ሳንቲሟ ቆመች።

ዘንድሮ 7ኛ ነን። ድራፍቱ ፒትስበርግ ላይ ነው የሚካሄደው። ደብተሩ ላይ «2026፣ 7ኛ» ብዬ ቀጥሎ ያለውን ባዶ ትቼዋለሁ። ልጄ ኳስ ተቀባይ ይላል። እኔ አሁንም አሳዳጅ ነው የምለው፤ አልተማርኩም። ትናንት እናቴ ስትደውል መጀመሪያ የማርያም ልጅ ክርኑ እንደዳነ ጠየቀችኝ። ቀጥላ ያ ድራፍት የምትሉት ነገር መቼ እንደሆነ ጠየቀች።

«ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ ነው» አልኳት።

«እንግዲያስ ጠጣ» አለችኝ።